ከውጭ የታሰረው የፒክአፕ ሸራ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ መጠሪያ፦ በሰፈርም በሥራም «እትዬ ሸራ»
ዕድሜ፦ ሃምሳ ስድስት
ሥራ፦ የመኪና ሸራ ሰፊ
አድራሻ፦ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት፤ ሱቁም መኖሪያውም እዚያው ነው
ቀን፦ ሐሙስ፤ ጠዋት ተጀምሮ በመሀል የተቋረጠ፣ ከሰዓት በኋላ የቀጠለ
ጉዳዩ፦ በሹፌሮች ዘንድ «ረጋ በል» እየተባለ ይጠራ የነበረው የፒክአፕ ባለቤት አሟሟት
ተጠርጣሪ፦ የሟች ሚስት
ቃሉን የተቀበለው፦ የምርመራ ክፍሉ ሳጅን

እኔ መጠሪያዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እንድናገር፣ ውሸት ብጨምርበት በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝና ተረድቼ፣ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች በራሴ ፈቃድ የሚከተለውን መልሻለሁ።

ሟችንም ሚስቱንም ከዚህ በፊት አላውቃቸውም። ዝምድናም ቂምም የለንም። ያገናኘን ሸራ ነው። የእኔ ሥራ ለፒክአፕ የኋላ ጭነት የሸራ ልብስ መስፋት ሲሆን፣ ባለቤቴ ደግሞ በያጅ ስለሆነ ሸራው የሚወጠርበትን መንጠቆ ይበይዳል። ጠንካራ ክዳን አንሠራም። ጠንካራውን የሚሠሩት ከዋናው መንገድ ማዶ ያሉት ናቸው፤ እነሱ ዋጋቸውም አፋቸውም ትልቅ ነው። ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው ተብዬ ተጠየቅሁ። ሰውየው የመጣው ጠንካራውን አስነቅሎ ለስላሳ ሊመርጥ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው እዚያ ላይ ስለሆነ ያገናኘዋል ብዬ መልሻለሁ።

ሟች መጀመሪያ ወደ ሱቄ የመጣው ባለፈው ወር መጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከሚስቱ ጋር ነው። ሚስቱ የምታጠባው ልጅ ታቅፋ ነበር። ፒክአፑ ነጭ፣ ያረጀ ግን በደንብ የተያዘ ሲሆን፣ ከኋላው ጥቁር የፋይበር ክዳን ነበረው። ክዳኑ ገና አዲስ ነው። አዲስ ክዳን አስነቅሎ ሸራ የሚፈልግ ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ የተሰረቀ መኪና እንዳይሆን ብዬ ሰውየውን በዓይኔ መዘንኩት። ሌባ አይመስልም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መኪናውን ሲያቆም እንኳ ወርዶ ጎማውን አይቶ፣ ተመልሶ ገብቶ አስተካክሎ ነው ያቆመው። ሹፌሮቹ «ረጋ በል» የሚሉት ለዚህ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

ናሙና አወጣሁለት። አንዱ ላስቲክ የተቀባ ሸራ ነው፤ ውሃ አያስገባም፣ ብዙ ሰው የሚወስደው እሱን ነው። ሌላው ከናይለን ክር የተሠራ፣ ቀላል፣ እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል ነው። የመጨረሻው ወፍራም የጥጥ ሸራ ነው፤ ለስላሳ፣ ዝናብ ሲመታው እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ የሚከብድ፤ ዛሬ ዛሬ የሚጠይቀው የለም፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከርሟል። ደንበኛ ናሙና ሲያይ ይስባል፣ ይዳብሳል፣ ወደ ብርሃን ያነሳል። ይህ ሰው ግን እያንዳንዱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወጥሬ እንድይዝለት ጠየቀኝና በጣቱ አንጓ አንኳኳው። ካንኳኳ በኋላ ጆሮውን ያስጠጋል። ላስቲኩን ሲመታው ጧ አለ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ናይለኑን መታው፤ ራሱን ነቀነቀ። ጥጡን መታው፤ ድምፅ የለውም። ደግሞ መታው። ከዚያ ሸክም እንዳወረደ ሰው በረጅሙ ተነፈሰና «ይሄ ይሁንልኝ እትዬ» አለኝ።

እኔ ሥራዬን አከብራለሁና «ይሄ ዝናብ ይጠጣብሃል፣ ላስቲኩን ውሰድ» ብዬ መከርኩት። «ይጠጣ። ብቻ አይጩህ» አለ። ባለቤቴ ከወዲያ ሆኖ «ሸራ ሲጮህ የት ሰምተህ ታውቃለህ? እዚህ ቤት የምትጮኸው እሷ ብቻ ናት» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ማንም አልሳቀለትም።

ቀለም ላይ ባልና ሚስቱ ተከራከሩ። እሱ ጥቁር አለ። እሷ «ነጣ ያለ ይሁን፣ ውስጡ እንዳይጨልም» አለች። ጭነት ጨለማ አይፈራም ብዬ ላስቃት ሞከርኩ፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። በመጨረሻ አመድማ ላይ ተስማሙ። ከዚያ ሴትየዋ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ከውስጥ የሚከፈትበት ነገር ትሠሪለታለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። «የኔ ልጅ፣ ምን ብትጭኑ ነው ከውስጥ የሚከፍተው?» አልኳት። ሟች ሰምቶ ኖሮ ዞረና ጮኸባት። «ውስጥ ማንም የለም! የሚከፍት የለም፣ እንዳትሠሪ እትዬ!» አለ። ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። እሱም ወዲያው አፈረና ልጁን ተቀብሎ እያባበለ ግቢውን ዞረ። ስለዚህ ሸራውን የሰፋሁት ከውስጥ መክፈቻ ሳይኖረው ነው። ይህ በግልጽ ይጻፍልኝ ብያለሁ። መክፈቻ እንዲኖረው የለመነችው ሚስቱ ናት፤ የከለከለው እሱ ነው።

ባለቤቴ ክዳኑን ከመንቀሉ በፊት ምን እንደሚጮህበት ጠየቀው። ሟችም «ስሄድ ያንኳኳል ጋሼ» አለ። የላላ ብሎን ይሆናል ብሎ ባለቤቴ ከላይም ከሥርም ፈተሸ፤ ሁሉም ጠብቋል። እንግዲህ ሄጄ ልስማው ብሎ ጋቢና ገባና አብረው ሰፈሩን ዞሩ። ባለቤቴ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው፤ ጥርሱን ሊነቅለው ለተቀመጠ ሐኪም እንኳ ቀልድ ይጀምራል። ሲመለሱ ግን ወርዶ ምንም ሳይናገር መፍቻ አንስቶ ብሎን መፍታት ጀመረ። ምን ሰማህ ብዬ ብጠይቀው «ያንኳኳል» አለ። ከምኑ ነው ስለው «አንድ ጊዜ። ቆይቶ ደግሞ አንድ ጊዜ። ከጋቢናው ጀርባ፣ ከቀኙ ጥግ። አሁን ተይኝ» አለኝ። ተውኩት።

ወንዶቹ ክዳኑን ሲያወርዱ ሚስቱን ወደ ውስጥ አስገብቼ ወንበር ሰጠኋት። ነገሩን የነገረችኝ እሷ ናት። ሟች አብሮት የሚሠራ ታናሽ ወንድም ነበረው። ትልቁ ይነዳል፤ ታናሹ ከኋላ ሆኖ ጭነቱን ይይዛል። ከኋላ ያለ ሰው ከነጂው ጋር የሚነጋገረው ጋቢናውን በመምታት ነው። አንድ ምት «ሂድ» ማለት ነው፤ ሁለት ምት በተከታታይ ከሆነ «ቁም» ነው። ይህን የጭነት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት፣ በማስቲሽ ተለጥፎ ሽታው ገና ያልወጣለት የፍራሽ ስፖንጅ ጫኑ። ዝናብ መጣና ስፖንጁ እንዳይረጥብ ክዳኑ ተዘጋ። ጋቢና ውስጥ ባለዕቃው ስለተቀመጠ ታናሹ ከስፖንጁ ጋር ከክዳኑ ሥር ተኛ። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ መታ። ሟች ሂድ እያለኝ ነው ብሎ ነዳ። ቆይቶ ደግሞ አንድ ጊዜ መታ። አሁንም ነዳ። ታናሹ ሁለተኛውን ምት አስከትሎ ለመምታት አቅም አጥቶ፣ በምቶቹ መሀል ትንፋሽ እየፈለገ እንደነበር ለሟች የገባው ደርሰው ክዳኑን ከፍተው ወንድሙን ሞቶ ሲያገኙት ነው። ያን ክዳን ሟች በመዶሻ ሰባብሮ ጣለው። አዲስ አስገጠመ። አዲሱም ማንኳኳት ጀመረ። ሴትየዋ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሷ ልጇን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛውራ «ሲያንኳኳ እኔም እሰማዋለሁ» ብቻ አለችኝ።

ሸራውን ጨርሼ ያለበስኩት በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ ነው። አሠራሩን እንድገልጽ ስለተጠየቅሁ እገልጻለሁ። የሸራው ጠርዝ ስፖንዳ ከምንለው የጭነቱ ጎን ግድግዳ ውጭ ወርዶ ይንጠለጠላል። በጠርዙ ዙሪያ የብረት ቀለበቶች አሉ። ገመድ በቀለበቶቹ እየሾለከ፣ ከስፖንዳው ውጭ በተበየዱት መንጠቆዎች ላይ እየተጠመደ፣ ከጋቢናው ጥግ ጀምሮ ዞሮ ይመጣና የኋላ መዝጊያው ላይ ተስቦ ይቋጠራል።

እኔ ደግሞ አንድ ልማድ አለኝ። የሰፋሁትን ሸራ ሳልተኛበት አላስረክብም። ከሥሩ እገባለሁ፣ ባለቤቴ ከውጭ ያስርብኛል፤ ከዚያ በጨለማው ውስጥ ብርሃን የሚያሾልከውን የስፌት ቀዳዳ እየፈለግሁ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ብርሃን የሚገባበት ውሃም ይገባበታል። የዚያን ቀንም ገባሁ። ራሴን ወደ ኋላ መዝጊያው፣ እግሬን ወደ ጋቢናው አድርጌ በጀርባዬ ተኛሁ። በስፌቱ መስመር ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ የብርሃን ነጥቦች ይታዩኝ ነበር። ምልክት ማድረግ ስጀምር በእግሬ በኩል፣ በጋቢናው ቀኝ ጥግ ያሉት ነጥቦች ጠፉ። ከዚያ ቀጥለው ያሉት። እንደዚያ አንድ በአንድ እየጠፉ ወደ እኔ መጡ። ባለቤቴ ተደግፎ ጋርዶኝ መስሎኝ «ዞር በልልኝ አንተ ሰውዬ፣ ብርሃኑን ዘጋህብኝ!» አልኩት። ድምፁ ከአናቴ በኩል፣ ከኋላ መዝጊያው መጣ። «እኔ እዚህ ነኝ» አለ። ሟችስ አልኩ። «እሱም አጠገቤ ነው፣ ምነው?» አለኝ። ብርሃኑን የጋረደው ነገር ከሸራው ውጭ ሳይሆን ከሸራው ሥር፣ ከጎኔ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ቀኝ ክንዴ በረደኝ። ፈራሁ፤ መፍራቴን አልደብቅም። ጨርሻለሁ ፍቱልኝ አልኩ። ሲፈቱልኝ ከእኔና ከጠመኔዬ በቀር ምንም አልነበረም፤ ተደግፌ ወረድኩ።

ይህን በወቅቱ ለምን ለሟች አልነገርሽውም ተብዬ ተጠየቅሁ። ሰውየው በዚያው ሰዓት መኪናውን አስነስቶ ሰፈሩን ዞሮ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እንደ ልጅ እየሳቀ ተመለሰ። «ዝም አለ እትዬ! ዝም አለ!» አለና እጄን ሳመኝ። ዓመት ሙሉ ሳይስቅ እንደቆየ ፊቱ ይናገራል። በዚያ ላይ ምን ብዬ ልጨምርለት? ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ሸራውን በመዳፏ እየዳበሰች ቆማ ነበር።

ሁለተኛ ጊዜ የመጣው ብቻውን ነው፤ ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ረፋድ ላይ። ሸራው ተቀዶ መስሎኝ ወጣሁ። ሸራው ደህና ነው። እሱ ግን ከስቷል፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ግባ ስለው አልገባም አለ፤ ስፖንዳውን ተደግፎ ቆሞ ነው ያወራኝ። «እትዬ፣ በፊት ቢያንስ ሂድ ይለኝ ነበር። አሁን ምንም አይለኝም። ሂድ ይሁን ቁም ይሁን በምን ልወቅ? መንገድ ላይ እያቆምኩ ሸራውን እፈታለሁ፤ ባዶ ነው። አስሬ እሄዳለሁ፣ ደግሞ አላስችል ይለኝና አቆማለሁ» አለኝ። አንጀቴን በላው። ሽጠው፣ ሸጠህ ሌላ ግዛ አልኩት። «እሱ ውስጡ እያለ?» አለኝ። ዕቃ ሳታወርድ ሽጥ ያልኩት ይመስል ገርሞት ነው ያየኝ። ሚስቱም ሽጠው እንደምትለውና በዚህ እንደሚጨቃጨቁ ነገረኝ። ከዚያ «አንድ ነገር ብቻ ባውቅ ይበቃኝ ነበር። ወንድሜ እዚያ ሥር ተኝቶ ለሚሰማው ሰው ምን እንደሚለው» አለ። ተው ልጄ፣ ሚስት አለችህ፣ ልጅ አለህ አልኩት። «አውቃለሁ እትዬ» ብሎ ገመዱን ነካ ነካ አድርጎ አጥብቆ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላየሁትም።

መሞቱን የሰማሁት ከፖሊስ ነው። ሳጅኑ እንደነገረኝ፣ ሟች ቅዳሜ ቀን በገዛ ግቢው፣ በቆመው ፒክአፕ ላይ፣ ከሸራው ሥር ሞቶ ተገኝቷል። ሚስቱ ልብስ እያጠበች ነበር። መኪናውን የሚወለውል መስሏት ቆይታ ስትፈልገው አጣችው። ጎረቤት ጠርታ ሸራው ሲፈታ ከውስጥ ተገኘ። ጎረቤቶቹ ገመዱ ከውጭ ዙሪያውን ተጠምዶ፣ ኋላ ላይ ተቋጥሮ እንደነበር መስክረዋል። የግቢው በር ከውስጥ የተቀረቀረ ነበር፤ ከእሷና ከሕፃኑ በቀር በግቢው ሰው አልነበረም። በዋዜማው መኪና በመሸጥ ጉዳይ ሲጨቃጨቁም ተሰምተዋል። ሐኪሙ ደግሞ አየር አጥቶ ነው የሞተው ብሏል። በዚህ ምክንያት ሴትየዋ ተይዛለች። ፎቶ አሳዩኝ። ሟች በግራ በኩል ካለው ስፖንዳ ጋር ጀርባው ተለጥፎ፣ በጎኑ ተኝቷል። እጁን ወደ ደረቱ ሰብስቧል። የቀኙ ወገን ባዶ ነው፤ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ተትቷል። ጠባብ አልጋ ላይ ለወንድሙ ቦታ የለቀቀ ሰው ይመስላል። ፎቶውን ብዙ ማየት ስላልቻልኩ መለስኩት።

ከጥጥ ሸራ ሥር ሰው አየር ሊያጣ ይችላል ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። አይችልም። ላስቲክ ቢሆን እጠራጠር ነበር። ጥጥ አየር ያሳልፋል፤ እኔ ራሴ ከእንዲህ ያለው ሥር ስተኛ ኖሬያለሁ፣ አንዳንዴም ምሳ በልቼ ከሆነ እንቅልፍ ይወስደኝና ባለቤቴ ስፖንዳውን ደብድቦ ይቀሰቅሰኛል። ሐኪሙ የማስቲሽ ሽታ ከልብሱ እንደሸተተው ጽፏል፤ ከየት እንደመጣ አታውቂም ወይ ተብያለሁ። እኔ ሸራ የምሰፋው በክር ነው፣ ማስቲሽ አልነካም። ፒክአፑም ያን ጊዜ ባዶ ነበር ተብያለሁ።

በመጨረሻም፣ ይህ ሸራ ከሥሩ የተኛ ሰው በራሱ እጅ ሊያስረው ይችላል ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። አይችልም ብዬ መልሻለሁ። ጠርዙ ከውጭ ስለሚወርድ እጅ መንጠቆው ጋ አይደርስም፤ ቋጠሮውም ያለው ውጭ ነው። ይህን ስመልስ ለሴትየዋ ገመድ እየፈተልኩላት እንደሆነ አውቄዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ወደ ጣቢያው ስገባ አንዲት ጎረቤቷ ሕፃኑን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አይቻለሁ፤ የሚጠባበት ሰዓት እስኪፈቀድ እየጠበቀች ነው። ሆኖም የሙያ ጥያቄ ነውና የማውቀውን ተናግሬያለሁ። አይቻልም።

እዚህ ላይ ቃሌ ተቋርጦ፣ ፒክአፑ ተይዞ ወደቆመበት የጣቢያው ግቢ ወጣን። ሳጅኑ ያልኩትን በተግባር እንዳሳይ ስለፈለገ ነው።

ከግቢ ከተመለስን በኋላ ቃሌ እንደሚከተለው ቀጥሏል።

በግቢው የነበርነው እኔ፣ ሳጅኑና የግቢው ጥበቃ ብቻ ነን። ፀሐይ ነበር፣ ነፋስ አልነበረም። ሳጅኑ ገብተሽ ተኚና ከውስጥ ለማሰር ሞክሪ አለኝ። እኔ ከእንግዲህ እዚያ ውስጥ አልተኛም፣ ብትገድለኝ አልገባም አልኩት። ለምን እንደሆነ የብርሃን ነጥቦቹን ነገር ቅድም አስጽፌ ስለነበር ያውቃል። ሳቀብኝ። «የገዛ ስፌትሽን ትፈሪያለሽ እትዬ? እሺ እኔ ልግባ» አለና ባርኔጣውን ለጥበቃው ሰጥቶ ፒክአፑ ላይ ወጣና መሀል ላይ በጀርባው ተኛ። እኔ ሸራውን አለበስኩት፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አወረድኩ፣ ገመዱን በቀለበቶቹ እንደሾለከ ላላ አድርጌ ተውኩት። መንጠቆ አላስያዝኩም። ከዚያ ሳጅኑ ራቁ ስላለን እኔና ጥበቃው ከግድግዳው ሥር ሄደን ቆምን። እኔ እጄን አጣምሬ ነበር። ጥበቃው የሳጅኑን ባርኔጣ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

ሳጅኑ ከሥር ሆኖ ጣቱን በጠርዙ በኩል አሾልኮ ሞከረ። «አይደርስም፣ ልክ ነሽ» አለ። ገመዱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነፋስ መስሎኝ ወደ ዛፉ አየሁ፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ገመዱ ከጋቢናው ቀኝ ጥግ ተነስቶ የመጀመሪያውን መንጠቆ ያዘ። ተሳበና ጠበቀ። ቀጣዩን ያዘ። አይቸኩልም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲያስር እንደሚያደርገው ሸራውን እያስተካከለ ነው። የሚታይ እጅ የለም። ጥበቃው ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ፤ ሰንበሩ አሁንም አለ፣ ለሳጅኑ አሳይቻለሁ። ገመዱ ዞሮ ኋላ መዝጊያው ላይ ደረሰ፣ ተቋጠረ። ሳጅኑ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ሮጥኩ። ቋጠሮውን ልፈታው ብሞክር አልፈታ አለኝ፤ መቀሴ ወገቤ ላይ ስለነበር ቆረጥኩት። የተቆረጠው ገመድ ጠረጴዛው ላይ አለ።

ሸራውን ስገልጠው ሳጅኑ መሀል ላይ አልነበረም። ከግራው ስፖንዳ ጋር ጀርባው ተለጥፎ፣ በጎኑ ተኝቶ አገኘነው። ከንፈሩ ነጥቷል። ጥበቃው ደግፎ አወረደው። መሬት ላይ ቆሞ ልብሱን ካራገፈ በኋላ መጀመሪያ የተናገረው «ማነው ጠጋ በልልኝ ያለኝ?» የሚል ነው። ጥበቃው «ማንም አልተናገረም ጌታዬ» አለው። ሳጅኑ ሁለታችንንም አየንና «ጠጋ አልኩለት እኮ» አለ።

ወደ ክፍሉ ከተመለስን በኋላ ሳጅኑ ውሃ ቀድቶ ሳይጠጣው አስቀመጠና፣ የግቢው ነገር ይቅር፣ ከውስጥ ማሰር አይቻልም እስከሚለው ያለውን ፈርሚና እንጨርስ አለኝ። አልፈርምም አልኩ። «እትዬ፣ ይህን ብጽፍ አለቆቼ አእምሮው ተነካ ይሉኛል፣ ሥራዬን አጣለሁ» አለ። እኔም «አንተ ሌላ ሥራ ታገኛለህ። እዚያ ድረስ ብቻ ከፈረምኩ ያቺ ሴት አበቃላት። ግማሽ እውነት ጽፈህ በእኔ ጣት ልታስራት ነው?» አልኩት። ኮሪደሩ ላይ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፤ ጎረቤቷ እሽሩሩ ስትለው ይሰማናል። ሳጅኑ ተነስቶ በሩን ዘጋው። ልቅሶው ግን አሁንም ይሰማል። ተመልሶ ተቀመጠና ብዕሩን አንስቶ «ቀጥዪ፣ ከየት ነበር?» አለኝ። ከግቢው ጀምሮ ያለውን ሁሉ በዚህ ሁኔታ አስጽፌያለሁ።

ሴትየዋን አላየሁም፣ አላነጋገርኳትም፣ ማንም አልላከኝም። ባሏን ማን እንዳሰረበት አላውቅም። ሸራዬን ግን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ሲታሰር ደግሞ በፀሐይ፣ በሁለት ዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የጎደለ የለውም፣ የተጨመረበትም የለም። ካስፈለገ በየትኛውም ዳኛ ፊት ቆሜ ልድገመው ፈቃደኛ ነኝ። ፊርማዬ በመርፌ ልማድ ስለተጣመመ ጣቴንም አክዬበታለሁ።

የምስክሯ ፊርማና የጣት አሻራ

በግቢው የነበረውን እኔም አብሬ ማየቴን አረጋግጣለሁ።
የግቢው ጥበቃ ፊርማ

ቃሉን የተቀበልኩትና የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገመዱ ሲታሰር ከሸራው ሥር ነበርኩ። ተጠርጣሪዋ በዚያ ሰዓት በጣቢያው ማረፊያ ክፍል ተቆልፎባት ነበር፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር።
የሳጅኑ ፊርማ